የጫማ ቁጥር ተጠየቅን፣ ለማስክ ግን ፊታችንን የለካው አልነበረም

ሳሉ የጀመረኝ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ነው። ክረምት ስለሆነ ጉንፋን ነው ብዬ ተውኩት። ጉንፋን ያልኩት ነገር መስቀል አለፈው፣ ገና አለፈው። ባለቤቴ ዳማ ከሴ እያሸች አጠጣችኝ፣ ፌጦ በሎሚ አቀመሰችኝ። ሁለት ቀን ሻል ይለኛል፤ ሥራ ስገባ ያው ነው።

አንድ ቀን ከአባይ ማዶ ወደ ከተማ በእግሬ ስሻገር አሮጌው ድልድይ መሐል ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ቆምኩ። ሰው እንዳያውቅብኝ ጉማሬ የሚያይ መስዬ ወደ ወንዙ አዘነበልኩ። ጉማሬ አልነበረም። እዚያው ቆሜ በ40ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለሁ ሰው ለምን እንደ ሽማግሌ እንደማለከልክ አሰብኩ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ሥራዬ ድንጋይ መቁረጥ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የእብነ በረድና የግራናይት ቤት ውስጥ 12 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት በፎርማንነት። ደረጃ፣ የመስኮት ደፍ፣ ኩሽና ላይ የሚነጠፈውን ድንጋይ፣ የመቃብር ሐውልት እንሠራለን። ትልቁ መቁረጫ ማሽን በውሃ ስለሚሠራ እሱ ብዙም አያቦንም። ጉዱ ያለው በእጅ በሚያዘው ግራይንደር ላይ ነው። የሲንክ ቀዳዳ ሲወጣ፣ ጠርዝ ሲከረከም፣ ሐውልት ላይ ጌጥ ሲወጣ ሁሉም በደረቁ ነው። ያኔ ጓደኛህ ሁለት ሜትር ላይ ቆሞ አይታይህም።

ሐኪም ቤት መጀመሪያ የጠረጠሩት ቲቢን ነው። አክታ ሰጠሁ። የለብህም ተባልኩ። ተመስገን ብዬ ልወጣ ስል ሐኪሟ ራጁን ወደ መብራቱ አንስታ ቆየች።

«ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ቆራጭ ነኝ።»

«ማስክ ያደርጋሉ?»

በኩራት መለስኩላት። «በሚገባ! ሦስት ዓመት ሙሉ አውልቄው አላውቅም።» ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ አደረግኩላት። ያደረግኩት መነጽር ወዲያው ጉም ለበሰ። እሷም መነጽሬን በጣቷ እያሳየችኝ «ይሄ ትንፋሽ በየት ወጣ?» አለችኝ።

«በላይ በኩል።»

«በወጣበት ነው እኮ የሚገባው።»

እስካሁን ስለ ማስክ ከተነገረኝ ሁሉ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ትበልጥብኛለች። ስልጠና ላይ የተነገረኝን ረስቻለሁ፤ እሷን አልረሳም።

በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። የእኔ ጅምር ነው። ግራናይት ውስጥ ሲሊካ የሚባል ነገር ብዙ አለ፤ ከድንጋዩ ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። እብነ በረድ ውስጥ ጥቂት ነው። ድንጋዩ ሲቆረጥ ሲሊካው ዓይን በማያየው ልክ ይደቅና ሳንባ ውስጥ በጥልቀት ይገባል። እዚያ ያቆስላል፣ ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳ ደግሞ አይተነፍስም። ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ሲሊኮሲስ ያለበት ሰው በቲቢ የመያዝ ዕድሉም ከሌላው ይበልጣል፤ ስለዚህ እኔ ሳል ጠንከር ባለብኝ ቁጥር አክታ እሰጣለሁ። ጥሩ ዜና የተባልኩት፣ ከአቧራው ከራቅኩ ባለበት ሊቆም ወይም ቀስ ሊል እንደሚችል ነው። ካልራቅኩ ግን አይቆምም። ሐኪሟ ይህን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ላውራ። ምክንያቱም የማስኩ ኃላፊ እኔው ነበርኩ።

ድሮ ፎጣ ወይም ሻሽ ነበር የምንጠመጥመው። በ2012 ኮሮና ሲመጣ አሠሪያችን ማስክ በካርቶን ገዛልን። ፎርማን ስለሆንኩ የማደል ሥራው ለእኔ ሆነ። መዝገብ አዘጋጀሁ፤ ስም፣ ቀን፣ ብዛት፣ ፊርማ። ወር ሲሞላ መዝገቡ ሙሉ ነው። 14 ሰው፣ 14 ፊርማ። እኔም ሠራተኞቼን ያዳንኩ መሰለኝ። አንድም ቀን ግን ማስኩ ፊታቸው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ቀረብ ብዬ አላየሁም። ምን ዓይነት ማስክ እንደሆነም አልጠየቅኩም። አንዱ ወር ብናኝ እንዲያጣራ የተሠራው፣ ኤን 95 (N95) የተጻፈበት ይመጣል፣ ሌላው ወር ሐኪሞች የሚያደርጉት ሰማያዊ። የሰማያዊው ሥራ የራስን ትንፋሽና ምራቅ መከልከል ነው። በጉንጭ በኩል ክፍት ነው፤ ለድንጋይ አቧራ አይሆንም። እኔ ሁሉንም «ማስክ» እያልኩ ነው ያደልኩት።

ከሐኪም ቤት በተመለስኩ ሳምንት አንድ ነገር አደረግኩ። ማታ 11 ሰዓት ሥራ ሲያልቅ ቧንቧው አጠገብ ቆሜ ልጆቹ ማስካቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሳይታጠቡ በፊት አየኋቸው። ማስክ ያረፈበት ቦታ ንጹሕ መሆን ነበረበት አይደል? አልነበረም። የአንዱ አፍንጫ ግራና ቀኝ ሁለት ነጭ መስመር ከዓይኑ ሥር ወደ ከንፈሩ ወርዷል፤ እንባ የደረቀ ይመስላል። የሌላው ጉንጭ ላይ የአውራ ጣት የሚያህል ነጭ ምልክት አለ። አንዷ ልጅ አገጯ በሙሉ ዱቄት ነው። አቧራው በየት እንደገባ ራሱ ሥሎ አሳይቶናል። ለሦስት ዓመት እዚያው ቧንቧ ላይ ስታጠብ ይህንን አላየሁም።

እናንተም ሌላ ነገር ከማድረጋችሁ በፊት ይህችን ሞክሩ። ገንዘብ አያስወጣም። ሥራ ሲያልቅ ሳትታጠቡ መስታወት ወይም የስልካችሁን ካሜራ ተመልከቱ። ማስኩ ውስጥ አቧራ ካለ ማስኩ ፊታችሁ ላይ አልገጠመም ማለት ነው። መስመር አለመኖሩ ግን ደህና ናችሁ ማለት አይደለም፤ ዋናው ጠላት የማይታየው ነው።

ከዚያ በኋላ ዕድለኛ ሆንን። የአንዱ ሠራተኛችን እህት ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያ ታውቅ ኖሮ አስተዋወቀችን። መምህርቷ የማስክ ልክ መሞከሪያ ዕቃ ይዛ መጣች። ልጆቹ «ዶክተር» ይሏታል፤ አይደለሁም ብትልም አልሰሟትም።

ሙከራው እንዲህ ነው። ራስን እስከ ትከሻ የሚሸፍን፣ ከፊት በኩል ገላጭ የሆነ ከረጢት አለ። ፊት ለፊቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። በዚያች ቀዳዳ በእጅ በሚጨመቅ መርጫ ሳካሪን የተባለ ጣፋጭ ነገር እንደ ጉም ይረጫል። መጀመሪያ ያለ ማስክ ነው። አፍህን ከፍተህ ትተነፍሳለህ፣ እሷ ትጨምቃለች፣ ጣፋጩ ሲሰማህ ትናገራለህ። አንዱ በ10 ጭመቃ ይሰማዋል፣ ሌላው በ20፣ ሌላው በ30። ይህ ምላስህ እንደሚሠራ ማረጋገጫ ነው። በ30ም ካልተሰማህ ያ ሙከራ ለአንተ አይሆንም፤ መራራ ጣዕም ባለው ሌላ ፈሳሽ ትሞከራለህ።

ከዚያ ውሃ ተጉመጥሙጠህ ማስክህን ታደርጋለህ። ከረጢቱ ውስጥ ትገባለህ። አሁን የሚረጨው ከቅድሙ ብዙ እጥፍ የበረታ ነው። በደንብ ትተነፍሳለህ፣ በረጅሙ ትተነፍሳለህ፣ ራስህን ግራ ቀኝ ታዞራለህ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ታደርጋለህ፣ ታወራለህ፣ ታጎነብሳለህ፣ እንደገና በደንብ ትተነፍሳለህ። እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ። ጣፋጭ ከተሰማህ ወድቀሃል። ካልተሰማህ አልፈሃል።

የማውራቱ ደቂቃ ሳቅ በሳቅ ነበር። ከ100 ወደ ታች ቁጠሩ ስትል አንዱ 80 ላይ ጠፋበት። አንዱ ደግሞ ቁጥሩን ትቶ ዳዊት ደገመ፤ ደቂቃው ካለቀም በኋላ አላቆመም።

እኔ መጀመሪያ ገባሁ። አለቃ ነኝ፣ ምሳሌ መሆን አለብኝ ብዬ ነው። ሐኪሟ ከነገረችኝ በኋላ የአፍንጫውን ሽቦ አጥብቄ መጫን ለምጄ ነበር፣ ስለዚህ አልፋለሁ ብዬ ተማምኛለሁ። ራሴን ወደ ቀኝ ሳዞር ምላሴ ላይ ስኳር መጣ። ዝም ብዬ ልለፈው አሰብኩ፤ አልዋሽም፣ አስቤያለሁ። ከዚያ ድልድዩ ትዝ አለኝ። «ጣፈጠኝ» አልኩ። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ፣ ምን እንዳጨበጨቡ እግዜር ይወቀው።

ከ14 ሰው ያለፉት አምስት ናቸው። አስተውሉ፣ ሁላችንም ያደረግነው ትክክለኛ ኤን 95 ነበር፤ እሷ ራሷ ያመጣችው። ማጣሪያው ከሚፈተንበት ብናኝ ቢያንስ 95 በመቶውን ይይዛል። ግን በማጣሪያው ያላለፈውን አየር ምን ይያዘው? በጠርዝ በኩል የእርሳስ ውፍረት የምታህል ክፍተት ካለች አየሩ የሚመርጠው እሷን ነው። በወፍራም ጨርቅ ከመግባት በክፍት በር መግባት አይሻልም?

ለምን እንደወደቅን አንድ በአንድ አየን፤ እኔ ብዙ የተማርኩት እዚህ ላይ ነው። የእኔ ችግር የአፍንጫው ሽቦ ነበር። በአንድ እጄ በሁለት ጣት ቆንጥጬ ነበር የማስተካክለው። ያ ሽቦውን እንደ ጣሪያ ሹል ያደርገውና ግራና ቀኙን ክፍት ይተዋል። በሁለት እጅ ጣቶች ከመሐል ጀምሮ ወደ ጉንጭ እየተጫነ መሄድ አለበት። ይህን ብቻ ቀይሬ በሁለተኛው ሙከራ አለፍኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለት ጣት!

ሦስት ልጆች ደግሞ ሁለቱንም ላስቲክ አንገታቸው ላይ ነበር የሚያደርጉት፤ ሲያወልቁት እንዲቀላቸው። የላይኛው ላስቲክ አናት ከፍ ያለው ቦታ ላይ፣ የታችኛው ከጆሮ ሥር ማጅራት ላይ ነው። አይጠላለፉም። ፖሊሽ የምታደርገው ልጅ ሹሩባዋን አናቷ ላይ ሰብስባ ስለምታስር የላይኛው ላስቲክ እየተንሸራተተ አስቸግሯት ነበር። መጀመሪያ ሻሽ፣ ከዚያ በሻሹ ላይ ማስክ ታደርግ ነበር። ገለበጥነው፤ መጀመሪያ ማስክ፣ ከላዩ ሻሽ። ሹሩባውም ወደ ማጅራት ወረደ። አሁንም አላለፈችም። ፊቷ ትንሽ ነው፤ ማስኩ ለእሷ ጀልባ ነበር። ትንሽ ቁጥር ስትሞክር ወዲያው አለፈች። ማስክ ቁጥር እንዳለው ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

እሷን የሞከርናት ግን ከሁሉም በኋላ ነው። ቀኑ ረቡዕ ነበር። «ጣፋጭ ነው የምትረጩት? እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም» አለች። መምህርቷ መራራም አለ ብትላት «መራራስ ቢሆን መቅመስ አይደል?» ብላ አሳቀቻት። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠበቅን፣ ሽሮዋን በላች፣ ከዚያም ሌላ 15 ደቂቃ ጠበቅን። ምክንያቱም ከሙከራው በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎች ከውሃ በቀር ምንም መብላት፣ መጠጣት፣ ማጨስ፣ ማስቲካ ማኘክ አይፈቀድም። ምላስን ያደነዝዛል። ቡናም አይሆንም። እናንተ ጋ ሙከራ የሚደረግ ከሆነ በጾም ቀን ባታደርጉት ይሻላል፣ በቡና ሰዓትም እንዲሁ።

አንዱ ደግሞ ባለፈው ዓመት ሦስት መንጋጋ ጥርስ አስነቅሏል። ያ ጉንጩን ወደ ውስጥ አስገብቶታል። ማንም ጥርስና ማስክ ይገናኛሉ ብሎ አስቦ አያውቅም። ጥርስ የተነቀለ፣ ብዙ የከሳ ወይም የወፈረ፣ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያወጣ ሰው እንደገና መሞከር አለበት። ሌላው ሰው ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ።

ፂም የራሱ ታሪክ አለው። ማስኩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ፂም ካለ፣ የሁለት ቀን ጉርድ እንኳ ቢሆን፣ ሙከራ መጀመርም አያስፈልግም። አየሩ በፀጉሩ ሥር ሥር ይገባል። ከአፍንጫ በታች ያለች፣ ጠርዙን የማትነካ ሪዝ ችግር የለባትም። ለወጣቶቹ ቀላል ነበር፤ ጠዋት ተላጭተው ይመጣሉ። አንዱ ግን እናቱ ከሞቱ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። የሐዘን ፂም ነው ያሳደገው። ተላጭ ልለው አልቻልኩም፤ አፌም አልታዘዘኝም። እስከ አርባው ድረስ ከመቁረጫ አውጥቼ ልኬት የሚወስድና ዕቃ የሚያደርስ አደረግኩት። አርባው ሲወጣ ተላጭቶ መጣና ተሞከረ። ፎርማን የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰውየውን ከአቧራው ማራቅ ከተቻለ ከፊቱ ጋር መጣላት አያስፈልግም።

አሁን ወደ አሠሪያችን ልምጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብር ሲወጣ ግን ያመዋል። የተለያየ ቁጥርና ዓይነት ማስክ ያስፈልገናል ስለው ሳቀብኝ።

«አንተ ደግሞ! ማስክ ገዛሁላችሁ፣ አሁን የፊት ልክ ትለኛለህ? ሱፍ ላሰፋላችሁ ነው እንዴ?»

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን አነበብኩለት። አሠሪ መከላከያ ማቅረብ ብቻ ሳይሆን አጠቃቀሙንም ማስተማር አለበት ይላል። እያዛጋ ሰማኝ። ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ።

«ጋሼ፣ የብረት ጫማ ሲገዙልን ቁጥር ጠይቀውን ነበር አይደል?»

«ታዲያስ! 44 ለሚያደርግ 39 ልስጠው?»

«ፊታችንንስ የጠየቀን አለ?»

ዝም አለ። በማግስቱ «ስንት ስንት ነው የሚያስፈልገው፣ ጻፍልኝ» አለኝ። አዋጁን እወቁት፣ ያዙት፤ እኔን ያገዘኝ ግን ጫማው ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ስህተቴ ከዚህ በኋላ መጣ። ሙከራው አልቋል፣ ሁሉም ሰው የሚገጥመውን አግኝቷል፣ ተገላገልን አልኩ። ከሦስት ወር በኋላ ከአዲስ አበባ ያዘዝነው ማስክ መንገድ ስለተዘጋ ዘገየ። ንብረት ክፍል ከገበያ ሌላ ገዝቶ አመጣ። እሱም ኤን 95 ይላል። አደልነው። በሳምንቱ ቧንቧው ጋ ስቆም ነጩ መስመር ተመልሷል። ሙከራ የሚደረገው ለአንድ ፊትና ለአንድ ማስክ ነው፤ ለዚያው ድርጅት፣ ለዚያው ሞዴል፣ ለዚያው ቁጥር። ማስኩ ከተቀየረ የድሮው ውጤት አይሠራም። ያ የገበያ ማስክ ደግሞ ሲታይ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ነበር። የአሜሪካው የሥራ ቦታ ጤና ተቋም ኒዮሽ (NIOSH) የሚያጸድቃቸው ኤን 95ዎች በጭንቅላት ዙሪያ የሚዞር ሁለት ላስቲክ ነው ያላቸው፤ ማስኩ ላይም ኒዮሽ የሚል ጽሑፍና የማጽደቂያ ቁጥር ታትሞበታል። የአውሮፓው ኤፍኤፍፒ 2 (FFP2) ከሆነ ኢኤን 149 (EN 149) የሚል ጽሑፍ ይፈለጋል። ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል «ኤን 95» ካያችሁ ጠርጥሩ። አሁን ትርፍ ካርቶን ሁልጊዜ መጋዘን አለን። መንገድ የሚዘጋበት አገር ነው የምንኖረው።

ግራይንደር ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚውሉት አራት ልጆች በኋላ ባለ ፊልተር የጎማ ማስክ ተገዛላቸው። ይታጠባል፣ ፊልተሩ ይቀየራል፣ ውሎ አድሮ ከሚጣለው ይረክሳል። እሱም ቁጥር አለው፣ እሱም ይሞከራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የብናኝ ፊልተር የቀለምና የማስቲሽ ሽታ አያቆምም። ሽታው ከመጣ ፊልተሩ ተበላሽቶ አይደለም፤ ለዚያ የሚሆነው ሌላ ዓይነት ፊልተር ነው።

በየቀኑ የምናደርጋትም ነገር አለች። ማስኩን ካደረግን በኋላ በሁለት መዳፍ ሸፍነን በኃይል እናስወጣለን። ዓይን ወይም ጉንጭ ላይ አየር ከተሰማን እናስተካክላለን። ከዚያ ሸፍነን ወደ ውስጥ እንስባለን፤ ማስኩ ወደ ፊት መጠጋት አለበት። ቫልቭ፣ ማለትም የትንፋሽ ማስወጫ ክዳን፣ ያለው ከሆነ በመሳቡ እንፈትሻለን። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ይህችን ሳውቅ ታዲያ ከረጢቱ ለምን ያስፈልጋል ብዬ መምህርቷን ተከራክሬያት ነበር። «ይሄ ያ የገጠመህ ማስክ ዛሬም በደንብ መቀመጡን ነው የሚነግርህ። ላንተ የሚሆን መሆን አለመሆኑን አይነግርህም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔ በመዳፌ አልፌ በስኳር ወድቄያለሁና።

ስለ ማስክ ብዙ አወራሁ፤ ግን መምህርቷ ቀድማ የጠየቀችን ስለ ማስክ አልነበረም። «ውሃስ?» ነበር ያለችን፤ አቧራው ሳይነሳ በውሃ ታስቀሩታላችሁ ወይ ማለቷ ነው። ልክ ሆኖ የገጠመ እንደዚህ ያለ ማስክ እንኳ ውጭ ካለው አቧራ እስከ አንድ አሥረኛው ሊያስገባ ይችላል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ውጭ ያለው ብዙ ከሆነ አንድ አሥረኛውም ብዙ ነው። የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ውሃ ማንጠባጠብ ደግሞ ሰው መግደል ነው። ስለዚህ በኮምፕሬሰር አየር የሚሠራ፣ ውሃ ራሱ ላይ የሚያፈስ ግራይንደር ገዛን። መጀመሪያ አንድ፣ አሁን ሦስት።

ኮምፕሬሰሩ እዚያው ነበር እኮ! ግን ምን እንሠራበት እንደነበር ታውቃላችሁ? ማታ ልብሳችንን እናራግፍበት ነበር። ቀኑን ሙሉ ማስክ አድርጎ የዋለ ሰው 11 ሰዓት ላይ ማስኩን አውልቆ፣ ተሰልፎ፣ በልብሱ ላይ ያለውን አቧራ በኃይለኛ አየር ወደ ራሱ ፊት ይነፋል። ከዚያ ቤት ገብቶ ልጁን ያቅፋል። ሐኪሟ ይህን ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች። አሁን በኮምፕሬሰር ማራገፍ ክልክል ነው፤ የሥራ ልብስ እዚያው ይቀራል፣ እዚያው ይታጠባል። ወለሉም በደረቁ አይጠረግም፣ ውሃ ይረጭበታል። ማስክ የሚወልቀውም ማሽኑ ሲቆም ሳይሆን ከግቢው ወደ ቧንቧው ሲወጣ ነው። ማሽኑ ሲቆም የሚታየው አቧራ ይወርዳል፤ የማይታየው ግን አየር ላይ ይቆያል።

ማስካችሁንም ምስማር ላይ አትስቀሉ። የእኛ 14 ማስክ ግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቅሎ፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ አቧራ ሲጠብቅ ነበር የሚያድረው። ንጹሕ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ፣ ስም ይጻፍበት። የእናንተን ማስክ ወንድማችሁም ቢሆን አያድርገው። መተንፈስ ሲከብድባችሁ፣ ላስቲኩ ሲላላ፣ ሲረጥብ ወይም ሲጨማደድ ጣሉት።

ያልፈታሁት ነገር አንድ አለ። ሐውልት ላይ ስምና ጥቅስ የሚቀርጹልን አንድ አባት አሉን። ከ60 በላይ ናቸው። እጃቸው ላይ ያለችው ፊደል ሌላ ቦታ የለችም፤ ከጎንደር ድረስ እሳቸውን ብሎ የሚያዝ ሰው አለ። ፂማቸው ደግሞ እስከ ደረታቸው ነው። ስለ ፂሙ አንድ ጊዜ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ይህ ከእኔ ጋር ነው የሚቀበረው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኳቸውም። ለእሳቸው የሚሆነው በባትሪ የተጣራ አየር ወደ ፊት የሚነፋ፣ ፊት ላይ መጣበቅ የማያስፈልገው ኮፍያ ነው። አለ፤ ዋጋው ግን የአሠሪያችንን ቀለም ይለውጣል። ውጭ ያለ ዘመድ እንዲልክልን ጠይቀናል።

እስከዚያው በሩ አጠገብ፣ ነፋሱ ከጀርባቸው የሚመጣበት ቦታ ላይ አስቀምጠናቸዋል። ግራይንደር አይነኩም፤ በመሮና በመዶሻ ብቻ ነው የሚቀርጹት። የልጅ ልጃቸው ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ ይዞ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ መሮው ያረፈበት ቦታ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። ድንጋዩ ሲረጥብ ይጠቁራል፣ ፊደሉ በደንብ ይታያቸዋል፣ ስለዚህ ወደውታል። ሃይላንዱ ሲያልቅ መዶሻውን ያስቀምጡና ልጁ ሞልቶ እስኪመጣ ይጠብቃሉ።